ዳቦ ቤቱ ለሦስት ሳምንት ተዘግቷል

የሰፈራችን ዳቦ ቤት በር ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እስካሁን አልረሳኋትም። በእጅ የተጻፈች ናት። «ከኦገስት 2 እስከ 24 ዕረፍት ላይ ነን። ለሁላችሁም መልካም የዕረፍት ጊዜ» ትላለች። ከግርጌዋ ፀሐይና የባሕር ዳር ዣንጥላ ተስሎባታል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2015 ነው፤ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ከገባሁ አራት ወር ቢሆነኝ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰዓት በእነሱ መቁጠር እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።)

መጀመሪያ የመጣልኝ ለቅሶ ነው። እኛ አገር ሱቅ ሦስት ሳምንት የሚዘጋው ወይ ሰው ሞቶ ነው፣ ወይ ግብር በዝቶ። ቀጥሎ ወዳለው ዳቦ ቤት ሄድኩ፤ ዝግ። ሦስተኛው ክፍት ነበር፤ ሰልፉ ግን የነዳጅ ሰልፍ ይመስላል። በኋላ እንደሰማሁት ፓሪስ ውስጥ ዳቦ ቤቶች ሁሉ ባንዴ እንዳይዘጉ መንግሥት ራሱ ተራ ያወጣላቸው ነበር። ያ ደንብ የቀረው እኔ በመጣሁበት በዚያው ዓመት ነው። ዳቦ ጋጋሪ ያርፋል የሚለው ነገር ያን ያህል የታወቀ ስለሆነ፣ መንግሥት የሚጨነቀው ማን መቼ ይረፍ በሚለው ላይ ነበር።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ አንዲት አዲስ የመጣች እህት ደውላ «እዚህ አገር ሰው ሥራ አይሠራም እንዴ?» ብላ ስትማረር ስለሰማኋት ነው። የዛሬ አሥር ዓመት እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ብያለሁ። ይሠራሉ፣ ያውም ጠንክረው። ግን ዕረፍታቸው ሰዓት አለው፣ ቀን አለው፣ ሕግ አለው። ያንን ሰዓት ካላወቅሽ ሁልጊዜ የተዘጋ በር ፊት ትቆሚያለሽ።

እኔ የቆምኩበት በር የዳቦ ቤቱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ኦገስት ለአንድ መሥሪያ ቤት የማስገባው ፋይል ነበረኝ። የጎደለኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የቤት ኪራይ ማረጋገጫ። ቤቱን ያከራየን ድርጅት ጋ ስሄድ አንዲት ወጣት ልጅ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። «የምትፈርመው ሴትዮ ዕረፍት ላይ ናት፤ በ25 ትመለሳለች» አለችኝ። የእኔ ቀነ ገደብ 20 ነው። ሌላ የሚፈርም ሰው የለም ወይ ብዬ ለመንኳት። ፈገግ ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። የፈረንሳይ ትከሻ ብዙ ይናገራል፤ ቋንቋቸውን ሳልለምድ በፊት የገባኝ እሱ ነው። ፋይሌ ሳይገባ ቀረና ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀጠሮ ያዝኩ። አዲሱ ቀጠሮ የተሰጠኝ ኖቬምበር ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው፤ ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከጁላይ 14፣ ከብሔራዊ በዓላቸው በፊት ያልቃል። ያላለቀው ሴፕቴምበርን ይጠብቃል። ሴፕቴምበርን «ላ ራንትሬ» ይሏታል፣ መመለሻ እንደማለት። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ቢሮው ይሞላል፣ ስልክ ይነሳል። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እነሱም እንደ አዲስ ዓመት ይጀምራሉ፤ ይህን ሳውቅ ነገሩ ትንሽ ቀለለኝ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ቀን ላይ ማረፍ ብርቄ አይደለም። ድሬዳዋ ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል ወይ በርጫውን ይይዛል። አባቴ የሸመንደፈር ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን ውስጥ የተሰባበረ ፈረንሳይኛ አይጠፋም ነበር። ለካ አዲስ አበባ የኖርኩባቸው ዓመታት ያንን ሁሉ አስረስተውኛል። አዲስ አበባ ምሳ ማለት ስልክ እያወሩ የሚዋጥ ነገር ነበር።

ቢሮ የገባሁት በ2019 ነው። ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት ትንሽ መሥሪያ ቤት፣ የሒሳብ ክፍል። በመጀመሪያው ሳምንት ልክ 6 ሰዓት ሲል ወንበሮች ባንዴ ተገፉ። ሁሉም ተነሥቶ ወጣ። እኔ ምስር ወጤን ከፈትኩና ኮምፒውተሬ ፊት መብላት ጀመርኩ፤ ጎበዝ ሠራተኛ መሆኔ እንዲታይልኝ ነበር። ኃላፊዋ ረስታው የሄደችውን ስልክ ልትወስድ ተመለሰች፣ አየችኝና ዝግ ባለ ድምፅ «እዚህ አይበላም» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። የበርበሬው ሽታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሳህኑን ከድኜ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ ብል ውሸት አይደለም።

ማታ ለአንዲት ትልቅ ሴት፣ ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ለሠራች ባልደረባዬ ነገርኳት። ሳቋ አያልቅም። «ሽታው አይደለም የኔ ልጅ፣ ሕጉ ነው!» አለችኝ። የሠራተኛ ሕጋቸው አሠሪው ሠራተኛው በሚሠራበት ቦታ ላይ ምግብ እንዲበላ መፍቀድ የለበትም ይላል። በኮሮና ጊዜ፣ ፌብሩዋሪ 2021 ላይ፣ ሰው ተጨናንቆ እንዳይበላ ሲባል ይህ ክልከላ ለጊዜው ሲነሳ ዜና ሆኖ ነበር። በነገርኳት ማግስት እጄን ይዛ ወደ መመገቢያ ክፍሉ ወሰደችኝ። ምስሩን ስከፍት ሦስት ሰው ማንኪያውን ይዞ መጣ።

ምሳቸው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። እኔ በሰባት ደቂቃ ጨርሼ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። እነሱ ጎርሰው ሹካውን ያስቀምጣሉ፣ ያወራሉ፣ ደግሞ ያነሱታል። የሚያወሩት ስለ ሌላ ምግብ ነው። ዶሮ እየበሉ ባለፈው እሑድ ስለበሉት በግ፣ ማታ ስለሚሠሩት ሾርባ። ሥራ ከተነሣ አንዱ ፊቱን ያጨማድዳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሳልበላ እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ከምሳው ልቀር አሰብኩ። ያቺው ሴትዮ ወንበር ስባ «አትብይ፣ ግን ተቀመጪ» አለችኝ። ብርጭቆ ውኃዬን ይዤ ሁለት ወር ያህል ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። የቢሮውን ጉዳይ ሁሉ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሊለቅ እንዳሰበ ያወቅሁት በዚያ ጾም ነው። አዲስ ሥራ የጀመራችሁ ይህን ስሙኝ፦ እዚህ አገር ባይርባችሁም ምሳ ላይ ተቀመጡ። ብቻውን የሚበላ ሰው ጎበዝ አይባልም፣ ኩሩ ነው የሚባለው። የምሳ ቲኬት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ያላነሰውን ዋጋ አሠሪው ነው የሚከፍለው፤ አልፈልግም አትበሉ።

እሑድ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየወቀጥኩ ነበር። ሙቀጫዬ ከድሬ የመጣ እንጨት ነው፣ ዘነዘናው ብረት። በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት አዛውንት፣ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ጋዜጣ በእጃቸው። በጣም በትሕትና «ይቅርታ እመቤቴ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ስመው የማያውቁ፣ ሃይማኖት የሚባል ነገር እንደማይገባቸው ራሳቸው በኋላ የነገሩኝ ሰው ናቸው። እናቴን ነው ያስታወሱኝ። እማዬ እሑድ ዘነዘና ሲሰማ «ሰንበት ነው፣ አይወቀጥም!» ብላ ጎረቤት ሳይቀር ትቆጣ ነበር። ተዋሕዶ ሆኜ ሰንበት በመሻሬ ሃይማኖት የለሽ ፈረንሳዊ ገሠጸኝ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ መንግሥትንና ቤተ ክርስቲያንን በሕግ የለያየችው በ1905 ነው። በዓመቱ፣ በ1906፣ የእሑድን ዕረፍት በሕግ ደነገገች። የቀሳውስት ሳይሆን የሠራተኛ ጥያቄ ሆኖ ነው የመጣው። ዛሬም ብዙ ምግብ ቤትና ሱፐርማርኬት እሑድ ቢከፍትም፣ ምግብ ሻጭ ሱቆች በመደበኛው ደንብ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። በብዙ ከተማ መሰርሰሪያና ማጨጃ የመሰለ ጫጫታ ያለው ሥራ እሑድ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል። ግድግዳ የምትበሱ፣ ቁም ሣጥን የምትገጥሙ ቅዳሜ ጨርሱ። ቡናውንም ቅዳሜ ውቀጡ።

የዓመት ፈቃድ ነገር ግን ዋናው ነው፤ እኔም የተቃጠልኩት በሱ ነው።

ቢሮ ከመግባቴ በፊት በአንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። አገር ቤት ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ፈቃዴን አጠራቀምኩ። ሳልወጣ ብቆይ በብር ይቀየርልኛል፣ ቢያንስ ይተላለፍልኛል ብዬ። የቅርብ አለቃዬም ዝም አለ፤ ሰው ስለሚያጥረው ዝምታው ይጠቅመዋል። ሜይ 31 አለፈ። የጁን ደሞዝ ወረቀት ሲመጣ 11 ቀን ከላዩ ጠፍቷል። ሄጄ ጠየቅሁ። «መውሰድ ነበረብሽ» ነው መልሱ። ፈረንሳይ ውስጥ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ የሚከፈለው ሥራ ስትለቂ ነው። ሥራ ላይ እያለሽ ትወጫለሽ እንጂ አትሸጭውም።

ስለዚህ የደሞዝ ወረቀታችሁን እስከ ግርጌው አንብቡ። ሁላችንም የተጣራውን ክፍያ አይተን ነው የምናጥፈው። ከታች «ኤን» እና «ኤን-1» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። «ኤን-1» ያለፈው ዓመት ቀሪ ነው፤ እስከ ሜይ 31 ማለቅ ያለበት እሱ ነው። «ኤን» አሁን እየተጠራቀመ ያለው። በወር 2 ቀን ተኩል ይታሰባል፤ በዓመት 30 ቀን፣ ማለትም አምስት ሳምንት። ሠላሳው ቀን አምስት ሳምንት የሚሆነው ቅዳሜም ስለሚቆጠር ነው፤ ቅዳሜ የማትሠሩ ብትሆኑም አንድ ሳምንት ስትወጡ 6 ቀን ይቀነሳል። ቅዳሜን የማይቆጥር መሥሪያ ቤት 25 ቀን ብሎ ይጽፋል፤ ያው ነው፣ አልተሰረቃችሁም።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ለአገሬ ልጆች የሚጠቅም ስለሆነ። አንደኛ፣ ባንዴ የሚወሰደው ፈቃድ ጣሪያው 24 ቀን፣ አራት ሳምንት ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ ሩቅ አገር የሆነ ሠራተኛ ከዚህ በላይ እንዲሰጠው መጠየቅ እንደሚችል ሕጉ ራሱ መንገድ ትቷል። አሠሪው ሊስማማ ይገባዋል እንጂ ጥያቄው ነውር የለውም። እኔ አምስቱንም ሳምንት ባንዴ ወስጄ ድሬ የሄድኩት በደብዳቤ ጠይቄ ነው፤ በቃል ስጠይቅ «አይሆንም» ብሎኝ የነበረው ያው ሰው ፈረመልኝ። ሁለተኛ፣ የተፈቀደላችሁን ቀን አሠሪው ያለ ልዩ ምክንያት መነሻችሁ አንድ ወር ሲቀረው ሊቀይረው አይችልም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

ለእናቴ አምስት ሳምንት እመጣለሁ ብዬ ስደውል ዝም አለች። ከዚያ «አቦ፣ አባረሩሽ እንዴ?» አለችኝ። አይደለም፣ ደሞዜም አይቋረጥም አልኳት። አላመነችኝም። መጥቼ ተመልሼ፣ ከተመለስኩም በኋላ በየሳምንቱ «ሥራው አለ?» ትለኝ ነበር።

ይህ አምስት ሳምንት ከሰማይ አልወረደም። ያቺ ትልቅ ሴት ባልደረባዬ አያቷ ባሕር መጀመሪያ ያዩት በ1936 ክረምት እንደሆነ ነግራኛለች፤ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሜይ 3 ሊዮን ብሉም የሚባል ፖለቲከኛ የሚመራው የግራ ወገን ምርጫውን አሸነፈ፤ ሠራተኛው ፋብሪካውን ይዞ አድማ መታ፤ ጁን ላይ የሁለት ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ታወጀ። ባቡርም በቅናሽ ተሸጠላቸው። ሦስተኛው ሳምንት በ1956፣ አራተኛው በ1969፣ አምስተኛው በ1982 ተጨመረ። እሷ ስለ አያቷ ባሕር ስታወራኝ እኔ ግን ሌላ ባቡር ነው የታየኝ። ሜይ 2 ቀን 1936 ጃንሆይ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ በእኛው ድሬ በኩል፣ ወደ ጅቡቲ ወጡ። ባቡሩ የፈረንሳይ ነው። ለሷ 1936 የባሕር ዳር ዓመት ነው። ለእኔ ጣሊያን የገባበት። ይህን ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜም አላነሳችውም።

የሜይን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሜይ ውስጥ በዓል ይደራረባል፤ 1፣ 8፣ ዕርገት፣ አንዳንዴም የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ። ዕርገት ሁልጊዜ ሐሙስ ስለሆነ ዓርብን ፈቃድ ወስደው እስከ እሑድ ያገናኙታል፤ «ድልድይ መሥራት» ይሉታል። ሜይ 1 ግን ከሁሉም ይለያል፤ በሕግ የግድ ተከፍሎበት የሚታረፍ እሱ ብቻ ነው። በ2016 ፋሲካችን ልክ በዚያ ቀን ዋለ። ዶሮዬን ሠርቼ፣ ድስቱን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ጓደኛዬ ቤት ልሄድ ወጣሁ። እኔ ቪለርባን ነኝ፣ እሷ ቬዝ፤ በከተማው ሁለት ጫፍ። ፌርማታው ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አውቶቡስ የለም። ሜትሮ ወረድኩ፤ መዝጊያው ተዘግቷል። ያገኘሁት ሰው «ሙጌ» የምትባለውን ነጭ ደወል የመሰለች አበባ በየጥጉ የሚሸጥ ብቻ ነው። ዶሮ ወጥ ታቅፌ ሮንንም ሶንንም ሁለቱን ወንዝ በእግሬ ተሻገርኩ። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀብኝ። ስደርስ ወጡ ነጠላዬን አልፎ ቀሚሴ ላይ ካርታ ሥሏል። በዚያ ዓመት ሜይ 1ም ሜይ 8ም እሑድ ላይ ስለዋሉ ፈረንሳዮቹም ሲያማርሩ ነው የከረሙት። እሑድ ላይ የወደቀ በዓል አይተካላቸውማ።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ስለ ፈረንሳይ የተረጋጋ ኑሮ ሲወራ ካፌው፣ ወይኑ፣ የወንዝ ዳሩ ሽርሽር ይነሳል። ጽዳት ስሠራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እወጣ ነበር፤ ማታ ደግሞ ከ12 እስከ 3። የስድስት ሰዓት ሥራ አሥራ ስድስት ሰዓት ይበላል። መሐል ያለውን ባዶ ጊዜ «ኩፕዩር» ይሉታል፣ መቆራረጫ። አይከፈልበትም፣ ቤት ደርሶ ለመመለስም አይበቃም። በሌሊቱ አውቶቡስ ላይ የነበርነው ሁላችንም ከሌላ አገር የመጣን ሴቶች ነን ማለት ይቻላል። ሳምንቱ 35 ሰዓት ነው የሚለውን ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኛ የቸገረን ሰዓቱ መብዛቱ ሳይሆን መበታተኑ ነበር። እሑድ ዝም ያለውን መንገድ የሚጠርግ፣ የኦገስቱን ሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ ሰው አለ። እዚያ ሥራ ላይ ያላችሁ ፈቃዳችሁን ከማንም በላይ አጥብቃችሁ ያዙ። የሚያስታውሳችሁ የለም፤ እኔን ያስታወሰኝ አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ቤት ስገባ ሴትዮዋ ወረቀቷን እየለጠፈች አገኘኋት። ዘንድሮም ሦስት ሳምንት ነው። ዣንጥላዋን አሁን ልጇ ነው የሚሥለው። «እርስዎስ መቼ ነው የሚወጡት?» አለችኝ። ቀኑን ነገርኳት፤ ከሷ አንድ ሳምንት ዘግይቼ ነው። ሰባት ባጌት ገዛሁና እያንዳንዱን ለሁለት ቆርጬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ።